የዋርካ ውሃ ጭቃ

ዓሣ መርምሬ አላውቅም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ጡረታ ስወጣ በተደረገልኝ ሽኝት ላይ መድረክ መሪው፣ «ዕድሜዋን ሙሉ ዓሣ ስትመረምር የኖረችው እህታችን ወይዘሮ ማስተዋል» ብሎ ስላስጨበጨበልኝ ነው። ጋቢ አለበሱኝ፤ ጋቢው ሸጋ ነው፣ አመሰግናለሁ። ማይክሮፎኑን ልቀበለውና ላርመው ስነሳ ግን ልጄ ቀሚሴን ይዛ «እማዬ፣ ተይው በቃ» አለችኝ። ተውኩት። ስንት ነገር ትቻለሁ! ይህን ግን እዚህ ልጨርሰው።

እኔ የመረመርኩት የጤፍ ፍሬ የምታክል ፍጥረት ናት። እንደ ባቄላ ክክ ለሁለት የሚከፈል ቅርፊት አላት፤ ከወንዝ ወለል፣ ከጭቃው ላይ እየተንፏቀቀች የበሰበሰ ቅጠል የምትለቅም የሸርጣን የሩቅ ዘመድ ናት። የሳይንስ ስሟ ረዥም ነው። እኛ ቤት «ጤፊት» ነበር የምንላት። ሥራዬም ጤፊትን ፋብሪካ ባበላሸው ጭቃ ላይ ለስድስት ሳምንት አኑሮ፣ ምን እንደሆነች ማየት ነበር። ይኸው ነው። ይህን ለማስረዳት የሥራ ዘመኔ አልበቃኝም።

የተቀጠርኩት ደርግ ሊወድቅ ሲል፣ ሽንዲ ጤና ጣቢያ ነው። እዚያ በማይክሮስኮፕ የወስፋት እንቁላል ስቆጥር ከረምኩ። አዲሱ መንግሥት ገብቶ መሥሪያ ቤቶች እንደገና ሲዋቀሩ፣ «ማይክሮስኮፕ የምታውቅ ሴት አለች» ተብሎ ፍኖተ ሰላም ወዳለች ባለሁለት ክፍል ላብራቶሪ ተዛወርኩ። ላብራቶሪዋ መጀመሪያ የጤና ነበረች። ከዚያ የውሃ ሆነች። ከዚያ ወደ ግብርና ሄደች፤ ቢፒአር የሚሉት የአሠራር ለውጥ ሲመጣ ደግሞ የአካባቢ ጥበቃ ተባለች። በየጊዜው ሰው መጥቶ የበሩን ሰሌዳ በአዲስ ቀለም ይጽፋል፤ ውስጡ ያው አንድ ጠረጴዛ፣ ያው አንድ ማይክሮስኮፕ፣ ያው የሚያፈስ ጣሪያ ነው። አልሸሹም ዞር አሉ! በየለውጡ «የሥራ መዘርዝር» የሚባል ቅጽ እሞላለሁ። «በቀን ስንት ደንበኛ ታስተናግጃለሽ?» ይላል። ደንበኞቼ ጭቃ ውስጥ ናቸው ብዬ አንድ ጊዜ ጽፌ ግምገማ ላይ ተነሥቶብኛል።

ሥራውን ያስተማሩኝ የላብራቶሪው ኃላፊ አቶ ይርሳው ነበሩ። የጅጋ ሰው ናቸው፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ሲናገሩም ዓረፍተ ነገሩን ግማሽ ላይ የሚተዉ። ጠዋት ሲገቡ ሰላምታ እንኳ ሳይሰጡ ዓይናቸውን ጨፍነው እያንዳንዱን ብርጭቆ ያሸታሉ። ከዚያ መዝገቡን ይከፍታሉ። በመዝገቡ ላይ እንደ ማንኛውም ላብራቶሪ የቀን፣ የሙቀት፣ የቁጥር ረድፍ አለ፤ በመጨረሻው ጠርዝ ግን እሳቸው በእጃቸው ያሰመሩት ሌላ ረድፍ ነበር፣ ርእሱ «ያልገባኝ» የሚል። እዚያ ውስጥ «ሦስተኛው ብርጭቆ ዛሬ ዝም ብሏል» ወይም «ውሃው ትናንት ከነበረው የከበደ መሰለኝ» ብለው ይጽፋሉ። አለቆች መዝገቡን ሲያዩ ይሥቁ ነበር። እኔም እሥቅ ነበር፤ ወጣት ነበርኩ።

ያስተማሩኝ በእጅ እንጂ በቃል አይደለም። ጭቃውን ከወንዙ ወለል በላዩ ካለው ስስ ገጽ ብቻ መቅዳት፤ የዘንድሮው እዚያ ላይ ነው፣ የአምናው ከሥር ነው። በቀጭን ጨርቅ አጥልሎ የወንዙን የራሱን ነፍሳት ማውጣት። በእያንዳንዱ ብርጭቆ ሁለት ጣት ጭቃ፣ በላዩ አራት ጣት ውሃ፣ ከዚያ እስኪጠራ አንድ ቀን መተው። ጤፊቶቹን በቀጭን የመስታወት መምጠጫ መሳብና የመምጠጫውን አፍ ውሃው ውስጥ አስገብቶ መልቀቅ። ከላይ ከተለቀቁ አየር ቅርፊታቸው ውስጥ ይገባና እንደ ቡሽ ይንሳፈፋሉ፤ የተንሳፈፈች ጤፊት ደግሞ ወደ ጭቃው አትመለስም፣ በርሃብ ትሞታለች። በየብርጭቆው ሃያ ሃያ የጤፊት ልጆች ይገባሉ። ምግባቸው የዳቦ እርሾና ደርቆ የተፈጨ ሳማ ነው፤ ሳማውን የምለቅመው እኔ ነኝ፣ እጄ እስከ ዛሬ ያውቀዋል። መብራት ሲጠፋ አየር የሚነፋው ሞተር ይቆማል። መብራት የማይጠፋበት ሳምንት ደግሞ አልነበረም። ያኔ በብስክሌት ጎማ መንፊያ በተራ እንነፋለን፤ ያየን ሰው ሁሉ «እነዚህ ደግሞ ውሃ ይነፋሉ» ይላል።

በሳምንት ሁለት ጊዜ የውሃው ግማሽ ይለወጣል። የሚለወጠው ውሃ የሚጠራቀመው ደግሞ በትልቅ የሸክላ ጋን ነበር። የተሰጠን በርሜል ናፍጣ የነበረበት ስለሆነ አቶ ይርሳው አልተቀበሉትም፤ ጋን ገዝተው ለወራት በውሃ ዘፍዝፈው አለማመዱት። ሸክላ ውሃን ቀዝቀዝ አድርጎ ያኖራል፣ ጤፊትም ቀዝቃዛ ትወዳለች። ያን ጋን ሲያጥቡ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ እስከ ብብታቸው ገብተው፣ በወንዝ አሸዋና በውሃ ብቻ እሳቸው ራሳቸው ነበር የሚያጥቡት። «ይተዉት፣ እኔ ልጠበው» ስላቸው፣ «ተይ» ብቻ ይሉኛል። ለምን? አይናገሩም። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የእሳቸው ዝምታ ግን እኔን አንቅዞኛል። ምክንያቱን ቢነግሩኝ ምን ነበረበት!

ጡረታ ሲወጡ ቁልፉንና መዝገቡን ለእኔ ሰጥተውኝ ጅጋ ገቡ።

ከዚያ ወዲህ ነው የዋርካ ውሃ ነገር የመጣው። ዋርካ ውሃ ከቡሬ ወዲህ ያለች ትንሽ ወንዝ ናት። ከላይ ትልቅ ዋርካ አለ፤ ከዋርካው ዝቅ ብሎ አንድ ቆዳ ፋብሪካ ተተክሎ ነበር፣ አሁን ተዘግቷል፣ ስሙን አላነሣም። ከፋብሪካው በታች ገበሬዎች አሉ። ለእነዚህ ገበሬዎች በበጋ የሚያመርቱበት አነስተኛ የመስኖ ቦይ ሊሠራ ታቀደ። ጥሩ ነገር ነው። ጥያቄው የቦዩ አፍ የት ይሁን የሚል ነበር። በዕቅዱ ላይ የተሳለው ከፋብሪካው ማፍሰሻ በታች ነው፤ እዚያ ሜዳ ስለሆነ ቁፋሮው አጭር ነው።

አንድ ቀን አያ ስመኘው የሚባሉ ገበሬ ከቡሬ ተነሥተው ፍኖተ ሰላም ድረስ መጡ። ስልሳ የሚጠጋቸው፣ ነገር ቶሎ የማይጀምሩ ሰው ናቸው። ደጃፌ ላይ ቆመው ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጤፉ፣ ስለ መንገዱ ከጠየቁኝ በኋላ፣

«ልጄ፣ አንቺ ነሽ አሉ ከወንዝ ሥር የሚኖሩትን የምታውቂ» አሉኝ።

«ትንሽ ትንሽ አውቃለሁ፣ አያ።»

«እሽ። እኛ ወንዝ ድንጋይ ስትገለብጭ ሸርጣን ይወጣ ነበር። አሁን ድንጋይ ብገለብጥ ድንጋይ ብቻ ነው። ሥሩ ባዶ ነው። ቤት ባዶ የሚሆን ሰው ሲሞት ወይ ሲሰደድ አይደለም? ይኸን ውሃ ሽንኩርቴ ላይ ልልቀቀው? ልጆችም ከቦይ መጠጣታቸው አይቀር። የቦዩን አፍ ከዋርካው አጠገብ አድርጉልን ብንል፣ ‹ማስረጃ አምጡ› አሉን። ማስረጃ ምን እንደሚመስል አላውቀውም። አንቺ ዘንድ አለ ብለውኝ ነው የመጣሁ።»

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይላል ያገሬ ሰው። አያ ስመኘው ፊደል ያልቆጠሩ ሰው ሆነው እኔ ለአለቆቼ በአሥር ገጽ ያላስረዳሁትን በአንድ ትንፋሽ ተናገሩት።

ውሃውን ብቻ ብንለካ ምንም አናገኝም ነበር። ምክንያቱም መመሪያው ለቁጥጥር የምንሄድበትን ቀን ለፋብሪካው በደብዳቤ አስቀድመን እንድናሳውቅ ያዝዛል። እናሳውቃለን። በዚያ ቀን ውሃው እንደ ጸበል ጠርቶ ይጠብቀናል! አቶ ይርሳው፣ «ውሃ እንግዳ ነው፣ ጭቃ ባለቤት ነው፤ የቤቱን ጉዳይ እንግዳ አይጠየቅም» ይሉ ነበር። ስለዚህ ጭቃውን መጠየቅ ነበረብን፤ ጭቃ ደግሞ ቶሎ አይመልስም። ስድስት ሳምንት ይፈልጋል።

ያን ጊዜ የነበረው አለቃዬ ነገር ቶሎ እንዲያልቅለት የሚወድ፣ ክፋት የሌለው፣ አድካሚ ሰው ነበር።

«ከስድስት ሳምንት በኋላ ይሞታሉ ማለት ነው?» አለኝ።

«ላይሞቱ ይችላሉ። እንዲህ ያለ ጭቃ ወዲያው አይገድልም። ቀስ ብሎ ነው የሚጎዳ። አያድጉም፣ አይወልዱም።»

«አልሞቱም፣ አልወለዱም። ታዲያ ይኸ የቤተሰብ ምጣኔ ነዋ!»

ቢሮው በሙሉ ሣቀ። ቀልዱ ለብዙ ዓመት ኖሯል፤ ሽኝቴ ላይም ተደግሟል። ያም ሆኖ ደብዳቤውን ፈረመልኝ። የቦዩ ጉዳይ የሚወሰንበት ስብሰባ ቀኑ ተቆርጧል፤ የእኔ ስድስት ሳምንት የሚያልቀው ልክ ከስብሰባው ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ነበር። አንድ ቀን እንኳ ማባከን አይቻልም።

ከዋርካው ሥር ንጹሑን ጭቃ፣ ከፋብሪካው በታች ደግሞ የተጠረጠረውን ቀዳሁ። አያ ስመኘው እስከ ጉልበታቸው ገብተው የጭቃ መያዣውን ቆርቆሮ ያዙልኝ። ብርጭቆዎቹን ደረደርኩ፣ ጤፊቶቹን ለቀቅኩ። አራት ሳምንት እንደ ሰዓት ሄደ። በዋርካው ጭቃ ላይ ያሉት ሲወፍሩ፣ ሲንጎራደዱ ይታያሉ። ከታች ባለው ጭቃ ላይ ያሉት በሕይወት አሉ፣ ግን ትንንሽ ናቸው፣ ጥግ ይዘው ይቀመጣሉ። ደስ አለኝ። ለጤፊቶቹ ሳይሆን ለማስረጃው።

በአራተኛው ሳምንት መጨረሻ ጋኑ ውስጡ አረንጓዴ ሻጋታ አበቀለ። መታጠብ አለበት። እኔ ለሦስት ቀን ባሕር ዳር ሥልጠና ተጠርቻለሁ። የሥልጠናው ርእስ «የጊዜ አጠቃቀም» ነበር፣ እግዜር ያሳያችሁ። እትዬ ዘውዴ የምንላቸው የጽዳት ሠራተኛ ነበሩን፤ ከእኔ በዕድሜ የሚበልጡ፣ እጃቸው የማያርፍ፣ አቧራ የግል ጠላታቸው የሆነ። በር ላይ ቦርሳዬን እንደያዝኩ፣

«እትዬ ዘውዴ፣ ጋኑን ጠበቅ አድርገው ይጠቡልኝ። አደራ፣ ሳሙና እንዳይነካው! ኦሞ የሚባል እንዳይጠጋው! ነፍስ ያለበት ነው» አልኳቸው።

«እሽ፣ አታስቢ። ሳሙና ምን ቆርጦት» አሉኝ።

ሳሙና ትንሽ ቅሪቱ እንኳ ጤፊትን ይገድላል። ስለዚህ የከለከልኩት ሳሙናን ነው። በምን ይጠቡት የሚለውን አልተናገርኩም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።

ከባሕር ዳር ተመልሼ የጋኑን ክዳን ስከፍት ደስ የሚል ሽታ ሸተተኝ። እናቴ ለክብረ በዓል ጠላ ስትጠነስስ ቤታችን የሚሸተው ሽታ። «እትዬ ዘውዴ እግዜር ይስጥዎት፣ እንዴት አድርገው አጠሩት!» አልኩ በልቤ። እኔ ጎጃሜ ነኝ፤ ያ ሽታ ለእኔ ሽታ አይደለም፣ ጽዳት ነው። የሌላ አገር ሰው ቢሆን «ይኸ ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። እኔ ምን ብዬ ልጠይቅ? «ያልገባኝ» በሚለው ረድፍ ላይ በዚያ ቀን ምንም አልጻፍኩም፤ ምክንያቱም ሁሉም ነገር ገብቶኝ ነበር። ውሃውን ለወጥኩ።

በማግሥቱ ከዋርካው ጭቃ ብርጭቆዎች በአንደኛው ላይ ሁለት ጤፊቶች ተገልብጠው አየሁ። በሦስተኛው ቀን እንደገና ውሃ ለወጥኩላቸው፤ እንዲሻላቸው ብዬ! በሳምንቱ መጨረሻ ያ ሁሉ ሲንጎራደድ የነበረ ነፍስ ከግማሽ በላይ አልቋል። ከታች ባለው ጭቃ ላይ የነበሩት ደግሞ አንድም አልቀሩም። ጭቃውን በወንፊት እያጠለልኩ ባዶ ቅርፊት ብቻ ለቀምኩ።

አለቃዬ ሲሰማ ፊቱ በራ። «ይኸው ሞቱ! አላልኩሽም? ከፋብሪካው በታች ሁሉም ሞቱ ብለሽ ጻፊ።»

«ንጹሑ ላይም ሞተዋል።»

«እሱን ማን ጠየቀሽ?»

«ሕጉ ነው። በንጹሑ ጭቃ ላይ ያሉት ከአምስት አንድ በላይ ከሞቱ ሙከራው አይቆጠርም። የገደላቸው ጭቃው ይሁን ሌላ ነገር አይታወቅም።»

«ማስተዋል፣ ለገበሬው ብለሽ!»

ለገበሬው ብዬ ልዋሽ ትንሽ ነበር የቀረኝ። ያን ቀን ወረቀቱን ሁለት ጊዜ ጽፌ ሁለት ጊዜ ቀድጃለሁ። በመጨረሻ «ሙከራው ተበላሽቷል፣ ይደገም» ብዬ ጻፍኩ። ስለዚህ ነገር ብዙ ሰው «ሐቀኛ ነሽ» ብሎኛል። ሐቀኝነቴ ለማን እንደጠቀመ እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም።

ስብሰባው ቡሬ ነበር። አያ ስመኘው ከኋላ ተቀምጠው፣ ቆባቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ይሰማሉ። ወረቀቴን አነበብኩ። የፋብሪካው ተወካይ በእርጋታ ተነሣና፣ «ከእኛ በላይ ያለው ጭቃም ገድሏል ነው የምትሉን። እንግዲህ ከላይ ያለው ገበሬ ምን ለቆበት ይሆን?» አለ። ሰው ሣቀ። «ይደገም» የሚለው ቃሌን ያነሣ ሰው አልነበረም፤ የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ነው፣ ሲሚንቶው መጥቷል። «በቂ ማስረጃ ስላልቀረበ የቦዩ አፍ በመጀመሪያው ዕቅድ መሠረት ይሠራ» ተብሎ ተወሰነ። ስንወጣ አያ ስመኘውን በር ላይ አገኘኋቸው፤ አንድ ነገር ብያቸው ሮጬ መኪና ውስጥ ገባሁ። ዓይናቸውን ማየት አልቻልኩም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ከጋኑ አንድ ጠርሙስ ውሃ ቀድቼ ጅጋ ወረድኩ። አቶ ይርሳው ገበያ ዳር ካለች ቤታቸው በረንዳ ላይ ተቀምጠው ነበር። ሰላምታዬን ሳልጨርስ ጠርሙሱን ተቀበሉኝ፣ ከፈቱት፣ ዓይናቸውን ጨፍነው አሸተቱት።

«ጠላ ልትጠምቂ ነበር እንዴ?» አሉኝ።

በስማም! ያ ሽታ ወይራ ነበር። የወይራ ጢስ፣ ከሥሩም የግራዋ ምሬት።

«ለዚህ ነው ራሴ የማጥበው የነበረ» አሉ፣ ረጋ ብለው። «መጀመሪያ ጊዜ ባለቤቴ አጥባልኝ፣ እኔም እንዲሁ ፈጅቻቸው ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም? ያን ሁሉ ዓመት!»

የጠርሙሱን ክዳን መልሰው ገጠሙ። «አፍሬ ነዋ» አሉ።

ሰኞ እትዬ ዘውዴን ጠየቅኳቸው። ኩራታቸው አሁንም ይታየኛል።

«ሳሙና እንዳይነካው አልሽኝ። ሳሙና ካልነካው ጋን በምን ይጠራል? ግራዋ ቀጥፌ አሸሁት። ሦስት ጊዜ አለቀለቅሁት። ወይራ ከቤቴ አምጥቼ ደፍቼ አጠንሁት። ለመንግሥት ዕቃ ብዬ እንዲህ አድርጌ አላውቅም! ምነው፣ ጉድለት አገኘሽበት?»

«የለም፣ እትዬ ዘውዴ። ጉድለት የለውም» አልኩ። ምን ልበላቸው? እንደሚገባው አጥበውታል። በአገራችን ጋን የሚታጠበው እንደዚያ ነው። ሸክላው ጢሱን ጠጥቶታል፣ ውሃው ከሸክላው ጠጥቷል፣ ጤፊቶቹ ከውሃው ጠጡ። ያዘዝኩት እኔ፣ አሽትቼ ያለፍኩት እኔ። በሌላ ሰው ልናደድ ብፈልግ ሰው አጣሁ፤ ይህ ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ ያናድዳል።

ጋኑን ለእትዬ ዘውዴ ሰጠኋቸውና ሌላ ገዛሁ። አዲሱን ጋን ማለማመድ ወራት ፈጀ። ከዚያ ለቆጋ መስኖ ሥራ ሰው ጎደለ ተብሎ መራዊ ተላክሁና አንድ በጋ እዚያ ቀረሁ። ተመልሼ ሙከራውን በራሴ ጊዜ ደገምኩት። በዚህኛው ምንም አልተበላሸም። በዋርካው ጭቃ ላይ ያሉት አድገው፣ ወልደው፣ ብርጭቆው በልጆቻቸው ተሞላ። ከፋብሪካው በታች ባለው ላይ ያሉት አብዛኞቹ በሕይወት ቆይተዋል፤ አንዲትም አልወለደችም። ጭቃው ሰውን ምን ያደርጋል ብትሉኝ አላውቅም፤ ሁሉም የሚጠይቀኝ ይህንኑ ነው፣ ጤፊት ደግሞ ሰው አይደለችም። ግን ለረዥም ጊዜ የኖረበትን ነፍስ ዘር የሚያሳጣ ጭቃ ጥሩ ጭቃ አይደለም። ይህን ጽፌ ማኅተም አስመትቼ ላክሁ። ከሦስት ወር በኋላ መልስ መጣ፤ ቦዩ ተጠናቆ ርክክብ ስለተፈጸመ ጥናቱ «ለወደፊቱ እንደ ግብዓት ይወሰዳል» ይላል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ግብዓት!

ከስብሰባው ሁለት ዓመት ሊሞላው ሲል፣ በየካቲት፣ ወረቀቱን ይዤ ዋርካ ውሃ ሄድኩ። ለሁለት ዓመት ያልሄድኩት ሥራ በዝቶብኝ ነው እል ነበር። ውሸት ነው። እኔም አፍሬ ነው።

ቦዩ በሲሚንቶ ተለስኗል፤ ውሃው ይወርዳል። ከግራና ከቀኝ ሽንኩርቱ፣ ድንቹ አረንጓዴ ነው። በመካከሉ አንድ ማሳ ብቻ እንደ አመድ ደርቋል። አያ ስመኘው ከማሳው ጫፍ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው የዶማ እጀታ ይጠርባሉ። ተነሡልኝ፤ ተሳሳምን፤ ስለ ዝናብ ጠየቁኝ። ከዚያ ቆሜ ሁሉንም ነገርኳቸው፣ ጋኑን፣ ግራዋውን፣ ወይራውን፣ ሽታውን።

«በወይራ?» አሉኝ።

«በወይራ።»

«ሰው ሁሉ ፋብሪካው ገዝቷታል ሲል ነበር። እኔም አንዳንድ ቀን ብያለሁ፣ አልዋሽሽም። ምነው በተሸጥሽ፣ ልጄ! ብትሸጪ እንረግምሽ ነበር፣ ይወጣልን ነበር። አሁን ወይራ ይረገማል?»

ወረቀቱን አውጥቼ ዘረጋሁላቸው።

«እሽ። አሁንስ ምን ትያለሽ? ልክፈተው ወይስ ይቅር?»

«ምኑን፣ አያ?»

«ውሃውን ነዋ!» በዶማ እጀታው የደረቀውን ማሳ አሳዩኝ። ከቦዩ ወደ ማሳው የሚገባው በር በድንጋይና በጭቃ ተደፍኗል፤ በላዩ ሣር በቅሎበት ደርቋል። «ከስብሰባው ስንወጣ፣ ‹ደግሜ አይቼ እስክነግርዎት ድረስ ውሃውን አይክፈቱት› ብለሽኝ አልነበር? ይኸው አልከፈትሁትም። ሁለት በጋ ተራዬን አሳልፌያለሁ።»

እንዲህ ማለቴን አላስታውስም። ዛሬም አላስታውስም። ከኀፍረቴ ለማምለጥ፣ መኪና ልይዝ እየሮጥኩ የጣልኳት ቃል ነበረች። እኝህ ሰው ሁለት በጋ በእሷ ላይ ተቀምጠዋል።

«ታዲያ መጥተው አይጠይቁኝም ነበር?» አልኩ፤ ጮኼ ነበር መሰለኝ።

«መጣሁ እንጂ። ሦስት ጊዜ መጣሁ። አንዱን ጊዜ ስብሰባ ናት አሉኝ፣ አንዱን ጊዜ መራዊ ናት አሉኝ። በሦስተኛው በመስኮት አየሁሽ፤ አጎንብሰሽ ስትቆጥሪ። ‹ስትቆጥር አይናገሯትም› አሉኝ። ለእኛ ነው የምትቆጥር ብዬ ተመለስሁ።»

ድንጋዩ ላይ ተቀመጥኩ። እሳቸው ቆመው ይጠብቃሉ፤ መልሴን ነው የሚጠብቁት።

«አይክፈቱት» አልኳቸው።

«እሽ» አሉ። መጥረቡን ቀጠሉ። ቆይተው ደግሞ፣ ሳያዩኝ፣ «ለእነሱ ግን አንቺ ንገሪልኝ። እኔን አይሰሙኝም» አሉና ወደ አረንጓዴው ማሳ በአገጫቸው አመለከቱ።

ተነሥቼ ወደሚቀርበው ቤት ሄድኩ። አንዲት ወጣት ሴት ደጃፏ ላይ ለገበያ ሽንኩርት ታስር ነበር። ግቢ አለችኝ፤ አልገባሁም። ከሥራዬ ጀምሬ፣ በራሴ ጥፋት በኩል አድርጌ፣ እስከ መጨረሻው ወረቀት ድረስ ነገርኳት። እጇ ሳያቋርጥ እያሰረች ትሰማኛለች። ስለ ጤፊቶቹም፣ ስለ ፋብሪካውም፣ ስለ ጭቃውም አንድ ነገር አልጠየቀችኝም። ስጨርስ ቀና ብላ ወደዚያ ወደ ደረቀው ማሳ አየች።

«እንግዲያ አያ ስመኘው አላበዱም?» አለችኝ።

«አላበዱም» አልኳት።

የያዘችውን ሽንኩርት መሬት ላይ አስቀመጠች።